ሰዓት የያዘ የታሪክ መምህር

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ቡሌ ሆራን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ከተማዋን ሀገረ ማርያም እያለ በቀድሞ ስሟ የሚጠራት ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ይህ ምልልስ የተካሄደው እዚያው፣ አስፋልቱ ዳር ካለ ቡና ቤት ነው። አንደኛው ተናጋሪ ዕድሜያቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች ሲያሠለጥኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርትና የሯጭ ልጆች አሰልጣኝ ናት፤ ድሮ የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ስሞቻቸውን ትቻለሁ። በሙግት ስለጀመሩ እኔም ከሙግቱ ልጀምር።

አሰልጣኟ፦ ቲቸር፣ የመጣሁት ልሞግትዎ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «የታሪክ መምህርና የአሰልጣኝ ሥራ አንድ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ምኑም አልገባኝም።

መምህሩ፦ ካልገባሽ ለምን አጨበጨብሽ?

አሰልጣኟ፦ እርስዎ ስለሆኑ ነዋ!

መምህሩ፦ የመምህር ጠላቱ ይኼ ነው እንግዲህ። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይኼስ?» የምትል ልጅ ነበርሽ፤ ስታድጊ ማጨብጨብ ለመድሽ። በይ ሙግትሽን አምጪው።

አሰልጣኟ፦ በቆጂን ይውሰዱ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የታሪክ መምህር አልነበሩም። እንደኔው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ያውም የአንደኛ ደረጃ። ከእጃቸው ያለፉትን ይቁጠሩልኝ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶንን አሸነፈች። ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ፣ ከዚያ ጥሩነሽ ዲባባ። እነዚህ ሁሉ ከአንዲት የአርሲ ከተማ! ሰውየው ስለ አድዋ ወይም ስለ መቅደላ ሲያስተምሩ አልዋሉም፤ ልጆቹን ዳገት ነው ያስወጧቸው። ታዲያ ታሪክ የት ገባ?

መምህሩ፦ ከጠራሻቸው ስሞች አንዱ መዝገብ ላይ ይጎድላል።

አሰልጣኟ፦ የማን?

መምህሩ፦ የራሳቸው የስንታየሁ። አንቺ መጀመሪያ ጠርተሻቸዋል፤ የባርሴሎናን መዝገብ ብታገላብጪ ግን አታገኚያቸውም። ኦሊምፒክ ላይ ለአሰልጣኝ ሜዳሊያ አይሰጥም። መዝገቡ የሯጯን ስም፣ የሀገሯንና የሰዓቷን ይዞ ያበቃል። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኞች፣ እነ ወልደመስቀል ኮስትሬ፣ ቢያንስ ቴሌቪዥን ላይ ታይተዋል። ልጅቷን ገና ጫማ ሳይኖራት ያያት የትምህርት ቤት መምህር ግን ከሰነዱ በፊት ነው ያለው። ከሰነድ በፊት ያለውን ሰው መፈለግ ደግሞ የማን ሥራ ነው?

አሰልጣኟ፦ የታሪክ ሰው ሥራ ነው። እሱን እቀበላለሁ። ይኼ ግን ስለ አሰልጣኝ ማውራት እንጂ ማሠልጠን አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሜዳ ላይ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው።

መምህሩ፦ ቀስ በይ። ይኸው አስፋልት ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ ይገባል አይደል? ወደ ምዕራብ ብትታጠፊ ኢቴን የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮልም ኦኮኔል የሚባሉ አየርላንዳዊ ወንድም፣ ማለት የካቶሊክ ማኅበር አባል፣ እዚያ ባለው የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ መጡ። የመጡት ለአጭር ጊዜ ነበር። ስለ ሩጫ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ምን ያስተምሩ ነበር መሰለሽ?

አሰልጣኟ፦ ታሪክ እንዳይሉኝ ብቻ።

መምህሩ፦ ጂኦግራፊ። የታሪክ ጎረቤት ነው፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ወንበራችን ከጂኦግራፊ መምህራን ጎን ለጎን ነበር። ለጥቂት ወራት የመጡት ሰው እዚያው ቀሩ። ለንደን ላይ በ2004 ዓ.ም. ስምንት መቶ ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ዴቪድ ሩዲሻ የእሳቸው ሠልጣኝ ነው። ስንታየሁም ሐረር ተወልደው በቆጂ ቀሩ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው መቅረታቸው ነው። አንቺ ግን ምክንያቱ ከፍታ ነው እያልሽ የምታማርሪኝን አስታውሺ።

አሰልጣኟ፦ አማርራለሁ እንጂ! ቡሌ ሆራ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው። ነገሌ ደግሞ 1,500 ገደማ። በቆጂ 2,800 ናት። ልጆቼ እኩል ቢለፉ እንኳ አየሩ እኩል አይደለም።

መምህሩ፦ አየሩ አይረዳም አልልሽም። ግን ደብረ ብርሃንም እኮ በከፍታ ከበቆጂ አታንስም። ብርዷን ቀምሼዋለሁ። ሯጭ አልወጣባትም አልልም፤ እንደ በቆጂ ግን አልሆነችም። ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ ደጋው ሁሉ በሜዳሊያ ይጥለቀለቅ ነበር። የጎደለው ዓመት ከዓመት የማይለቅ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ልጅ ስህተት በሁለተኛው የሚያርም፣ የሁለተኛውን በመቶኛው የሚያርም ሰው። ይኼ መከማቸት ነው። መከማቸት ደግሞ ታሪክ ነው።

አሰልጣኟ፦ አሁን በቃላት እየተጫወቱብኝ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ወደ ታች፣ ወደ ቦረና እንውረድ። አስመሮም ለገሠ የሚባሉ ምሁር በ1950ዎቹ ቦረና ወርደው ስለ ገዳ አጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፋቸው ወጣ። የገዳ ጥናት ሲነሳ ዛሬም የሚጀመረው ከእሳቸው ነው። እሳቸውን ማን አስተማራቸው? አሬሮ ራማታ የሚባሉ የቦረና አዋቂ። አሬሮ ጥቁር ሰሌዳም ደብተርም አልነበራቸውም። አባ ገዳዎቹን በተራ፣ የእያንዳንዱ ዘመን ምን እንደተከሰተበት፣ ማን ከማን እንደተዋጋ፣ የትኛው ዘመን ድርቅ እንደነበረበት በቃላቸው ይዘው ይተርኩ ነበር። ከ2009 እስከ 2017 አባ ገዳ የነበሩት ኩራ ጃርሶ 71ኛ ናቸው ይባላል። አንድ ዘመን ስምንት ዓመት ነው። አስልተሽ ታውቂያለሽ?

አሰልጣኟ፦ ከእሳቸው በፊት ሰባ... አምስት መቶ ስልሳ ዓመት።

መምህሩ፦ አምስት መቶ ስልሳ ዓመት በሰው ጭንቅላት ውስጥ! ይኼ በጥቂት ቀን ንባብ ይያዛል? ልጅ ሆኖ ከሽማግሌ ሥር ተቀምጦ መስማት አለ። መድገም አለ። ተሳስቶ መታረም አለ፤ ያውም በአደባባይ። ጉሚ ጋዮ የሚባለው ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ሲሰበሰብ ሕጉ በቃል ይነገራል፣ ይከለሳል፤ ያዛባ ካለ ዙሪያውን የተቀመጡት ዝም አይሉትም። ይኼ ሥልጠና ካልሆነ ሥልጠና የምትይው ምኑን ነው? አንቺ እግር ታሠለጥኛለሽ፣ እነሱ ትውስታ ያሠለጥናሉ። ዘዴው አንድ ነው፤ መድገም፣ መለካት፣ ማረም።

አሰልጣኟ፦ መለካቱስ የት አለ? ሰዓት የለ።

መምህሩ፦ ቀን ቆጣሪዎቹን አያንቱዎች ረሳሻቸው? የቦረና ወር የሚቆጠረው ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ ነው። ለቀናት ሃያ ሰባት ስም አላቸው፤ አንዱን ቀን ከአንዱ አያምታቱም። ያንቺ ሰዓት ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል።

አሰልጣኟ፦ እሺ፤ ግን ቲቸር፣ እኛ እዚህ ምዕራብ ጉጂ ነን። ልጆቼ ጉጂ አሉ፣ ጌዴኦ አሉ፣ ቡርጂ አሉ፣ ኮሬ አሉ። ሁሉንም የቦረና ታሪክ ላስተምራቸው?

መምህሩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደዚህ ነው መጠየቅ! ጉጂ የራሱ ገዳ አለው፤ መኤ ቦኮ ላይ ይሰበሰባል። ጌዴኦም ባሌ የሚባል የራሱ ሥርዓት አለው። የታሪክ መምህር እዚህ ሀገር የሚወድቀው አንዱን ልጅ የባለቤት ልጅ፣ ሌላውን የእንግዳ ልጅ አድርጎ ሲያስቀምጥ ነው። በዚህ አካባቢ በ2010 ሰው ከሰው ተጣልቶ ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ አይተሻል። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ የሁለቱም ወገን ልጆች ነበሩ። ሩጫው በጣም ያስፈለገኝ ያን ጊዜ ነው። መነሻ መስመር ላይ ስታሰልፊያቸው ማን ከየት መጣ አትይም፤ ሁሉም የሚነሳው ከአንድ መስመር ነው። ክፍል ውስጥ ግን ያንን መስመር መምህሩ በየቀኑ በእጁ ማስመር አለበት። ከሁለቱ የቱ እንደሚከብድ አንቺው ፍረጂ።

አሰልጣኟ፦ ክፍሉ ይከብዳል። የጀሪካኑን ክፍለ ጊዜ አስታውሳለሁ።

መምህሩ፦ ያንን አልረሳሽውም?

አሰልጣኟ፦ እንዴት ይረሳል? ገብተው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና «ጃንሆይን ከዙፋናቸው ያወረዳቸው ምንድን ነው?» አሉን። እኔ ተሽቀዳድሜ «ደርግ!» አልኩ። «ወደ ኋላ ሂጂ» አሉኝ። ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ኋላ ወንበር ሄድኩ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

መምህሩ፦ እኔ ያልኩሽ በዘመን ወደ ኋላ ሂጂ ነበር!

አሰልጣኟ፦ አሁን ነው የገባኝ። እስቲ እንደዚያ ቀን ይንገሩኝ፤ ለልጆቼ ልንገራቸው።

መምህሩ፦ ደርግ የተቋቋመው በሰኔ 1966 ነው። ከዚያ በፊት? የካቲት ላይ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራ ለቀቀ። ከዚያ በፊት? አሥመራ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሳ። ከዚያ ቀደም ብሎ የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን ደግሞ በትምህርት ማሻሻያው ሥራ አቆሙ። አዎ፣ መምህራን! ይኼን ስናገር ትንሽ ኮራ እላለሁ። ከዚያስ በፊት? ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ላይ የአራተኛው ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮች ምግቡ አይበላም፣ ውኃው አይጠጣም ብለው አመፁ። ጃንሆይ የምድር ጦሩን አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩላቸው። ወታደሮቹ ምን አደረጉ? ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ እነሱ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

አሰልጣኟ፦ ዜናውም ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሄደ።

መምህሩ፦ የጦር ሬዲዮ እኮ ለመኮንኖች ብቻ አይሠራም። መስከረም 2 ቀን 1967 ላይ ዙፋኑ አበቃ። ልጆቹ ጀሪካኑን አይተው የሚገርማቸው ይኼ ነው፤ የመጽሐፉ ታሪክ ሁሌ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ አድዋ ነው፤ ይኼኛው ግን እነሱ የሚያውቋት ከተማ ነው የተጀመረው። አባቱ ነገሌ የተወለደ ልጅ ከወንበሩ ቀና ሲል ታይዋለሽ። እዚያው ነገሌ በጥር 1928 ራስ ደስታ ዳምጠው ከገናሌ ዶሪያ ተሸንፈው ሲመለሱ የግራዚያኒ ጦር ከተማዋን ያዘ። ከዚያ ቀደም ብሎ ታኅሣሥ ላይ መልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል አውሮፕላን ደበደበው። ይኼን ሁሉ ለአንድ ልጅ ስትነግሪው «እዚህ ደግሞ ምን ሆኖ ያውቃል?» ማለቱን ይተዋል።

አሰልጣኟ፦ ግን አንድ ነገር ጨመሩ ያን ቀን። «ውኃው ብቻ ነው ያለ ልጅ ዜሮ ይሰጠዋል» አሉ።

መምህሩ፦ አዎ፤ ምክንያት አንድ ከሆነ ተረት ነው። የወሎ ረሃብ ነበረ፣ የነዳጅ ዋጋ ነበረ፣ የመሬት ጥያቄው ነበረ፣ የተማሪው ጩኸት ነበረ። ውኃው ክብሪቱ ነው፤ ጭድ ባይኖር ክብሪት ምን ያቃጥላል? ጠይቂ አልኩሽ፣ አንድ መልስ ስታገኚ አትቁሚ አልኩሽ። አሁን ወደ ሜዳሽ ልመልስሽ። ባለፈው ሳምንት ከፊት ስትሮጥ ቆይታ ሦስተኛው ዙር ላይ የወደቀችው ልጅ፣ ምን ሆነች?

አሰልጣኟ፦ (ትንሽ ዝም ካለች በኋላ) ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ተመልሳ፣ እናቷን ረድታ፣ ከዚያ ነው ሜዳ የመጣችው። ቁርስ አልበላችም። ጫማዋም የታላቅ እህቷ ነው፤ ይሰፋታል። እና ደግሞ ከወዲያ ያሉት ወንዶች «ወንድ ነሽ ወይ» እያሉ ሲሰድቧት ሰማሁ።

መምህሩ፦ አየሽ? አራት ምክንያት። ሰዓትሽ ግን አንድ ቁጥር ነው የነገረሽ።

አሰልጣኟ፦ በድርቁ ጊዜ ይኼ ብሶ ነበር። የጋናውም የሃጋያውም ዝናብ ተከታትሎ አምስቴ ሲከሽፍ፣ ቦረና ላይ ከብቱ አልቆ ሰዉ ተሰደደ። ከታች ወረዳ የመጡ ልጆች ነበሩኝ፤ አንዳንዶቹ ትምህርቱንም ሩጫውንም ትተው ሄዱ። ልጁን አስከትሎ ከብት ፍለጋ በሄደ አባት ላይ ምን ይፈርዳሉ? ስማቸው ስም መቆጣጠሪያው ላይ ቀረ። ከጎኑ «ያቋረጠች» የሚል ብቻ።

መምህሩ፦ ውርስሽ እነዚያ ስሞች ናቸው፤ ሜዳሊያው አይደለም። ስለ በቆጂ የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም አይተሻል? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን።

አሰልጣኟ፦ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አይቼዋለሁ። እኔ ቀነኒሳን አያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ፊልሙ ግን የሚከተለው ሁለት ያልታወቁ ልጃገረዶችን ነው። ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ሲሄዱ፣ ሲሳካላቸው፣ ሲጎዱ፣ ሳይሳካላቸው። የሚተርከው ልጅም ሱቅ ጠባቂ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር።

መምህሩ፦ አሁንስ?

አሰልጣኟ፦ አሁን አሰልጣኝ ከሆንኩ በኋላ ያንን ፊልም የሠራው ሰው በትክክል ማንን መከተል እንዳለበት ያውቅ ነበር እላለሁ። ከመቶ ልጅ አንዷ ናት ደራርቱ የምትሆነው፤ ምናልባትም አንዷም አትሆንም። ሌሎቹ ዘጠና ዘጠኝ እኮ እዚህ ናቸው። የባጃጅ ሹፌሩ፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ የቡና መፈልፈያው ሒሳብ ሠራተኛ። ሲያገኙኝ «ኮች!» ይላሉ።

መምህሩ፦ እኔን ደግሞ «ጀሪካን!» ይሉኛል።

አሰልጣኟ፦ (ሳቅ) ቅጽል ስምዎን ያወቁ አይመስለኝም ነበር።

መምህሩ፦ መምህር ቅጽል ስሙን የማያውቅ መስሎ ይኖራል እንጂ ያውቃል።

አሰልጣኟ፦ ቲቸር፣ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልንገርዎ? «ታታሪ መምህር» ሲባል አልወድም። በመምህራን ቀን ታታሪ ይባላል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ለኳስ የሚገዛ ገንዘብ የለም፣ ለጉዞ ትራንስፖርት የለም። ልጆቹ ውድድር ሲሄዱ ለምሳ የማዋጣው ከደመወዜ ነው። ታታሪነቴ ለሌላው ሰው ማምለጫ ሆነ። እሷ ታደርገዋለች፣ እሷ ትወደዋለች ተብሎ ሁሉም ተገላገለ።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ።

አሰልጣኟ፦ ይቃወሙኛል ብዬ ነበር።

መምህሩ፦ ለምን እቃወማለሁ? ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ፤ ጋቢው ሙቅ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ባለቤቴን የጠየቃት የለም። ቅዳሜ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ልጆቼ ኳስ የሚያሠለጥናቸው አባት ነበራቸው እንጂ ለራሳቸው ብቻ የሚጫወትላቸው አባት አልነበራቸውም። የታታሪ መምህር ሕይወት ሲጻፍ ይኼ ገጽ ይዘለላል። ስንታየሁንም ሆነ አየርላንዳዊውን ስናወድስ በዚያ ሁሉ ዓመት እነሱ ላይ የወደቀውን ሸክም ማን ነው መካፈል የነበረበት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠይቂ፤ አፍሽን አትያዢ። ታሪክ የሚያስተምር ሰው ደመወዙን መጠየቅ ሲያፍር የካቲት 11ን ረስቷል ማለት ነው።

አሰልጣኟ፦ ታዲያ ለምን ኖሩበት? በመሐል እኮ ሰባ ሠላሳ መጣ። ሰባ ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲባል ታሪክ የተረፈው ልጅ ትምህርት ሆነ። እኔ ራሴ ታሪክ ላጥና ብል «ምን ትሠሪበታለሽ?» ተባልኩ።

መምህሩ፦ አንቺን ያለሽ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዝም ልበል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ያዳነኝ ሜዳው ነው። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ታሪክ ለምን እንማራለን ሲሉኝ፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ እነዚያው ልጆች «ባለፈው ዓመት እኮ በዚህ ወር ከዚህ ፈጥኜ ነበር፣ አሁን ለምን ቀረሁ?» ይሉኛል። ይኼ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ እነሱ አያውቁትም እንጂ። ያለፈውን አስቀምጦ ካሁኑ ጋር አስተያይቶ ለምን ማለት። ስለዚህ የሁሉንም ሰዓት ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የዝናብ ቀን፣ የድርቅ ቀን፣ የገበያ ቀን፣ የጾም ወቅት። ማን አረፈደ፣ ለምን አረፈደ። ሴት ልጆች ከስምንተኛ ክፍል ወደ ዘጠነኛ ሲያልፉ ስንት እንደሚጠፉ ያየሁት ከዚያ ደብተር ነው። የትምህርት ቤቱ ስታቲስቲክስ ቁጥሩን ይናገራል፤ ደብተሬ ግን «ተዳረች» ይላል፣ «እናቷ ወለደች፣ ቤት ቀረች» ይላል።

አሰልጣኟ፦ ደብተሮቹ የት ናቸው?

መምህሩ፦ ምስጥ በላቸው። ዕቃ ቤት ነበሩ። ሁለት ብቻ ተርፈዋል፤ እነሱም ጠርዛቸው የለም።

አሰልጣኟ፦ ሁለቱን ይስጡኝ!

መምህሩ፦ ለምን?

አሰልጣኟ፦ እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን የገዳ ጥናት የሚማሩ ልጆች አሉ፤ የሽማግሌ ቃል በስልክ እየቀዱ ይመጣሉ። እነሱ ከሽማግሌ የሚወስዱትን እኔ ለምን ከእርስዎ አልወስድም? አሬሮ ራማታን አስመሮም ባያገኟቸው ኖሮ ዛሬ ስማቸውን አንጠራም ነበር አይደል?

መምህሩ፦ ቦረና ይጠራቸው ነበር። እኛ ነን የማንጠራቸው። እሱን እንዳትሳሳቺ። በቃል የተያዘው የጠፋ ይመስለናል፤ የጠፋው ግን የእኔ የተጻፈው ነው! የእነሱ አምስት መቶ ዓመት ጸና፣ የእኔ ወረቀት ሠላሳ ዓመት አልቆየም።

አሰልጣኟ፦ እንግዲያው ሁለቱንም እናድርግ። ቅዳሜ ጠዋት ከሥልጠና በፊት ሃያ ደቂቃ እሰጥዎታለሁ፤ ይንገሯቸው። ከሃያ ካለፉ ፊሽካ እነፋለሁ።

መምህሩ፦ ሃያ ደቂቃ ለነገሌ ብቻ አይበቃም።

አሰልጣኟ፦ ነገሌን ለሁለተኛው ቅዳሜ ያቆዩት። መጀመሪያ በቆጂን ይንገሯቸው፤ ልጆቹ ስለ ደራርቱ መስማት ይፈልጋሉ።

መምህሩ፦ ስለ ደራርቱማ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የማያውቁትን ነው መጀመር። ነገሌ ይቅደም።

አሰልጣኟ፦ ሯጭ የሚሰማው ስለ ሯጭ ሲሆን ነው ቲቸር! ሰውነታቸውን ሳያሟሙቁ ስለ ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ቢነግሯቸው ይተኛሉ።

መምህሩ፦ አንቺ ተኝተሽ ነበር?

አሰልጣኟ፦ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

መምህሩ፦ እሺ፣ በቆጂ ትቅደም፤ ግን ከስንታየሁ ነው የምጀምረው፣ ከደራርቱ አይደለም። በምላሹ ደብተር ታስይዣቸዋለሽ። ሦስት ዓምድ፦ ስም፣ ሰዓት፣ ምክንያት።

አሰልጣኟ፦ ማን ይጽፋል? እኔ ፊሽካም ሰዓትም ይዤ አልችልም።

መምህሩ፦ ልጆቹ በየተራ። የጌዴኦው ልጅ የጉጂዋን ይጻፍ፣ የጉጂዋ የቡርጂውን ትጻፍ። የሌላውን ምክንያት ጠይቆ የጻፈ ልጅ ያንን ሰው ለመስደብ ይቸገራል።

አሰልጣኟ፦ ምክንያት የሚለው ዓምድ ላይ ሁሉም «ደክሞኝ» ብለው ነው የሚሞሉት። አውቃቸዋለሁ።

መምህሩ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት ይሙሉት። በሁለተኛው ሳምንት «ለምን ደከመሽ?» ብለሽ አራተኛ ዓምድ ታሰምሪያለሽ።

አሰልጣኟ፦ ገጹ አይበቃም እኮ!

መምህሩ፦ ሰፊውን ደብተር ግዢ። ሒሳቡን እኔ እችላለሁ።

አሰልጣኟ፦ የደብተሩን ነው የቡናውን?

መምህሩ፦ የደብተሩን። ሙግቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ቡናውን አንቺ ክፈዪ። ደብተሩንም ዕቃ ቤት አታስቀምጪው።